የተሰረዘ ካርቱን ይመለስ ወይስ በሰላም ይረፍ?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2013 ፊውቹራማ የተባለው የአሜሪካ አኒሜሽን ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍሉን አሳየ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍራይ እና የሚወዳት ሊላ ጊዜ ቀጥ ብሎ በቆመበት ዓለም ውስጥ ሁለቱ ብቻ አብረው ያረጃሉ። በፍጻሜው ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ያ ሁሉ ዕድሜም ከትዝታቸው ሊጠፋ ሲል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ለመጀመር ይስማማሉ። ያማረ ስንብት ነበር። ችግሩ ይህ አራተኛው ስንብት መሆኑ ነው። ደራሲዎቹ በ2003፣ በ2009 እና በ2011ም ‹‹ምናልባት ከዚህ በኋላ አንገናኝም›› በሚል ስሜት የመዝጊያ ክፍል ጽፈው ነበር። አራተኛውም የመጨረሻ አልሆነም። ፊልሙ በ2023 እንደገና ተመለሰ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተሰረዘ ካርቱን መመለስ አለበት ወይ? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከጀርባው ትልልቅ ኩባንያዎች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ የባለቤትነት ሕግ እና ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ብዙ ሰው ደክሞበት፣ ብዙ ሰው የወደደው ሥራ መቼ እንደሚሞትና መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ማን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከታሪኩ መጀመር ይሻላል።

▪️ የመጀመሪያው ትንሣኤ

በ1962 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዘ ጄትሰንስ የተሰኘ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ማሳየት ጀመረ። አዘጋጆቹ ሃና እና ባርቤራ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በዘ ፍሊንትስቶንስ የድንጋይ ዘመን ቤተሰብን አሳይተው ተሳክቶላቸው ስለነበር፣ አሁን ደግሞ በራሪ መኪና ያለው፣ የቤት ሥራውን ሮቦት የሚሠራለት የወደፊት ዘመን ቤተሰብ ይዘው መጡ። ፊልሙ ኤቢሲ በቀለም ያሰራጨው የመጀመሪያ ፕሮግራም ነበር። ያኔ ግን አብዛኛው አሜሪካዊ ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ 24 ክፍል ብቻ ቆይቶ በ1963 ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። ነገር ግን እነዚያው 24 ክፍሎች ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች በድጋሚ ይታዩ ጀመር። አንዱ ጣቢያ ሲተወው ሌላው እያነሳው ከ20 ዓመት በላይ ተሽከረከሩ። አንድ ትውልድ ፊልሙ ከመወለዱ በፊት እንደተሰረዘ ሳያውቅ አብሮት አደገ። በ1985 ስቱዲዮው 41 አዳዲስ ክፍሎችን ሠራ፤ በ1987 ደግሞ 10 ጨመረ። ከመጀመሪያው እጥፍ በላይ ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ ድምፅ ተዋንያን ተሰብስበው ተመለሱ። ነገር ግን 20 ዓመት አልፏል። የአባወራውን የጆርጅ ጄትሰንን ድምፅ የሚሰጡት ጆርጅ ኦሃንሎን በስትሮክ ታመው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ ለተሠራው የሲኒማ ፊልም ንግግሩ እየተነበበላቸው ነበር የሚቀዱት። በ1989 ሥራው ላይ እያሉ አረፉ። የአለቃውን ድምፅ የሚሰጡት ዝነኛው ሜል ብላንክም በዚያው ዓመት አረፉና የቀረውን ሌላ ሰው ሞላው። የሴት ልጅየውን ድምፅ ከ1962 ጀምሮ የያዘችው ጃኔት ዋልዶ ደግሞ ለሲኒማው ድምጿን ቀድታ ከጨረሰች በኋላ በአንዲት ታዋቂ ወጣት ዘፋኝ ተተካች። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ የዘፋኟ ስም ትኬት ይሸጣል።

የመጀመሪያው ትንሣኤ ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ በትንሹ ያሳያል። ድጋሚ ስርጭት ፍቅርን ያሳድጋል፤ ፍቅሩ ገንዘብ ይሆናል፤ ገንዘቡ ፊልሙን ይመልሳል። የተሳለ ፊት አያረጅም፤ ከፊቱ ጀርባ ያለው ድምፅ ግን ያረጃል። በመጨረሻም፣ ፊልሙ ሲመለስ ሠሪዎቹ አብረው መመለሳቸው ዋስትና የለውም።

▪️ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ፋሚሊ ጋይ በጃንዋሪ 1999 ከአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ ቀጥሎ በፎክስ ጣቢያ ተጀመረ። ከዚያ የተሻለ የመክፈቻ ሰዓት የለም። ጣቢያው ግን ቀኑንና ሰዓቱን ደጋግሞ ቀያየረው። ሦስተኛው ምዕራፍ ሐሙስ ማታ፣ በወቅቱ አገር ምድሩ ከሚያያቸው ከፍሬንድስ እና ከሰርቫይቨር ጋር ፊት ለፊት ተደረገ። ተመልካቹ የት እንደሚያገኘው አላወቀም፤ ያወቀውም ሌላ ነገር ያያል። በ2002 ተሰረዘ።

ከዚያ ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። በ2003 አደልት ስዊም የተባለው የሌሊት ፕሮግራም የድሮዎቹን ክፍሎች በድጋሚ ማሳየት ጀመረና ወጣቱ ተከማቸ። በዚያው ሰሞን ፊልሙ በዲቪዲ ወጣና ባልተጠበቀ ፍጥነት ተሸጠ፤ ከዓመቱ የቴሌቪዥን ዲቪዲዎች ሁሉ ከፊት ተሰለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፊልሙ በሕይወት ሳለ በሰዓቱ ተቀምጦ ያላየው ሕዝብ ከሞተ በኋላ ገንዘብ አውጥቶ ገዛው። ፎክስ የገዛ እጁን ውሳኔ ሽሮ በሜይ 1 ቀን 2005 መለሰው። በመመለሻው ክፍል መክፈቻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጣቢያው በመሃል የሰረዛቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ እየጠራ ተሳለቀ። ፎክስም ስድቡን ራሱ አሰራጨው፤ ሽያጭ ካለ ስድብ አይቆረቁርም።

ፋሚሊ ጋይ አሁንም አላበቃም። ከመሰረዙ በፊት የተሠሩት ክፍሎች ወደ 50 ይጠጋሉ፤ ከተመለሰ በኋላ ግን ጠቅላላው ከ400 አልፏል። ይህን ‹‹ድል›› ማለት ይቻላል። ግን አንድ ሌላ ነገርም ይታያል። በዲቪዲ ተገዝቶ ፊልሙን ያስመለሰው ያ 50 ክፍል ነው። ቀጥሎ የመጣው የ20 ዓመት ምርት የቆመው በዚያ ላይ ነው። ኩባንያ አንድ ጊዜ የተመለሰን ፊልም የሚያቆመው ታሪኩ ሲያልቅ ሳይሆን ገቢው ሲያልቅ ነው።

▪️ አራት ጊዜ የተቀበረው

ፊውቹራማን የፈጠረው የዘ ሲምፕሰንስ ፈጣሪ ማት ግሮኒንግ ነው፤ ከዴቪድ ኮኸን ጋር ሆኖ። በማርች 1999 በፎክስ ተጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሑድ አመሻሽ ላይ ተመደበና እግር ኳስ ባለፈበት ቁጥር የእሱ ሰዓት ይበላ ነበር። ፎክስ ‹‹ሰርዘናል›› ብሎ በይፋ እንኳ አላወጀም፤ አዲስ ክፍል ማዘዙን ዝም ብሎ ተወው። 72 ክፍሎች አሳይቶ ኦገስት 2003 ላይ ጠፋ።

ቀጥሎ የሆነው የታወቀው መንገድ ነው፦ ድጋሚ ስርጭት በአደልት ስዊም፣ ከዚያ ዲቪዲ። ከ2007 እስከ 2009 አራት ረጃጅም ፊልሞች በቀጥታ በዲቪዲ ወጡ። በ2009 ኮሜዲ ሴንትራል 26 አዳዲስ ክፍሎች አዘዘ። ደስታው ገና ሳይበርድ ግን ስቱዲዮው ከድምፅ ተዋንያኑ ጋር በክፍያ ሳይስማማ ቀረና በእነሱ ቦታ ሌሎች ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። አሥር ዓመት ገጸ ባሕርያቱን ነፍስ የዘሩባቸው ሰዎች በማስታወቂያ ሊተኩ ነበር። ተመልካች ጮኸ፤ በጁላይ ወር መጨረሻ ላይ ተስማሙ።

በ2022 የኢንተርኔት ፊልም ማሰራጫው ‹‹ሁሉ›› 20 አዳዲስ ክፍሎች ሲያዝ ያው ድራማ ተደገመ። የሮቦቱን የቤንደርን ድምፅ የሚሰጠው ጆን ዲማጂዮ ‹‹ክፍያው ተገቢ አይደለም›› ብሎ ለጊዜው ሳይፈርም ቆየ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ተመለሰ፤ ጭማሪ አለማግኘቱን ግን በኋላ ራሱ ተናግሯል። ‹‹ለናፍቆታችሁ ስንል መለስነው›› የሚለው ማስታወቂያ ናፍቆቱን የፈጠሩትን ሰዎች በመጀመሪያ የሚያያቸው እንደ ወጪ ነው።

ከገንዘቡ ባሻገር የጥበብ ጥያቄም አለ። በ2002 ከቀረቡት ክፍሎች አንዱ በዚህ ፊልም ታሪክ እጅግ ልብ የሚነካው ነው። ፍራይ በረዶ ውስጥ ገብቶ ሺህ ዓመት ሲተኛ ውሻው እሱ የሚሠራበት ፒዛ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ 12 ዓመት ይጠብቀውና እዚያው ይሞታል። ተመልካቹ ይህን የሚያየው ፍራይ ‹‹ረስቶኝ ሌላ ሕይወት ኖሯል›› ብሎ ውሻውን ከተወው በኋላ ነው። ያ ክፍል ያማል፤ ጥንካሬውም ማመሙ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው የዲቪዲ ፊልም ግን ታሪኩን ነካካው። በጊዜ ጉዞ የተገኘ ሌላ ፍራይ ወደ ኋላ ተመልሶ ከውሻው ጋር እንደኖረ አሳየ። ብዙ ሰው ተጽናና። ነገር ግን ያ ተመልካች ለአምስት ዓመት የተሸከመው ኀዘን በአንድ ትዕይንት ቀለለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የሚመለስ ፊልም አዲስ ነገር ለመጨመር ሲዘረጋ በእጁ የነበረውን ሊጥል ይችላል።

በሌላ በኩል ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከተመለሰ በኋላ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ፍራይ እና ቤንደር ወደፊት ብቻ በሚሄድ የጊዜ መኪና እስከ ዓለም ፍጻሜ የሚጓዙበት፣ በ2011 የኤሚ ሽልማት አሸንፏል። ፎክስ በ2003 የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል አይኖርም ነበር። ‹‹የሞተ ይረፍ›› ባዮች ይህን መመለስ አለባቸው።

▪️ ሲበላሽ

የከፋ ምሳሌም አለ። ሬን ኤንድ ስቲምፒ በ1991 በኒክሎዲየን የልጆች ጣቢያ የጀመረ፣ በአሣሣሉና በድፍረቱ ከእሱ በኋላ የመጡትን ብዙ ካርቱኖች የለወጠ ሥራ ነው። ፈጣሪው ጆን ክሪክፋሉሲ ከጣቢያው ጋር ተጋጭቶ በ1992 ተባረረ፤ ፊልሙ ያለ እሱ እስከ 1995 ዘለቀ። አድናቂዎች ለዓመታት ‹‹ያለ ጣቢያው ጣልቃ ገብነት ሰውዬው ነጻ ቢለቀቅ ምን ይሠራ ነበር?›› ይሉ ነበር። በ2003 መልሱ መጣ። ለአዋቂዎች ብቻ ተብሎ፣ ገደቡ ሁሉ ተነስቶ በሌላ ጣቢያ ተመለሰ። የስቲምፒን ድምፅ ይሰጥ የነበረው ቢሊ ዌስት አልሠራም አለ። ሦስት ክፍሎች ብቻ ታይተው ተቋረጠ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፈጣሪው አያስፈልግም የሚል አይደለም። ድሮ የነበረው ኃይል ከፈጣሪው ብቻ የመጣ አልነበረም። ከሠዓሊዎቹ፣ ከድምፅ ተዋንያኑ፣ ከዘመኑ፣ አንዳንዴም ‹‹ይህ አይሆንም›› ከሚለው ጣቢያ ጋር ከሚደረገው ትግል የመጣ ነበር። አንድ የግማሽ ሰዓት ክፍል ሠርቶ ለመጨረስ ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በደቡብ ኮሪያ ስቱዲዮዎች ይሠራል። ቡድኑ አንዴ ከተበተነ መልሶ መሰብሰብ የፊልሙን ስም መልሶ እንደማውጣት ቀላል አይደለም። ስም በውል ይገዛል፤ ቡድን ግን አይገዛም።

▪️ ሲሳካ

ታዲያ መቼ ነው የሚሳካው? ክሎን ዋርስ የስታር ዋርስ ዓለም አካል የሆነ የአኒሜሽን ተከታታይ ነው። ዲዝኒ በ2012 መጨረሻ ሉካስፊልምን ሲገዛ ፊልሙ አምስተኛ ምዕራፉ ላይ ነበር። በማርች 2013 እንዲቋጭ ተወሰነ። የተቋረጠው ክፉ ቦታ ላይ ነው። አሶካ የተባለችው ወጣት፣ ባልሠራችው ወንጀል ተከሳ፣ ነጻ ከወጣች በኋላ ያሳደጋትን የጄዳይ ማኅበር ጥላ ስትሄድ። ተመልካቹ ጦርነቱ እንዴት እንደሚያልቅ ከ2005ቱ የሲኒማ ፊልም ያውቃል፤ እሷ ያኔ የት እንደነበረች ግን አያውቅም። ጥያቄው ክፍት ሆኖ ቀረ።

በ2014 የቀሩ 13 ክፍሎች በኔትፍሊክስ ወጡ። ሥዕላቸው ያላለቀ አንዳንድ ክፍሎችም በንድፋቸው እንዳሉ ለሕዝብ ተለቀቁ። በ2020 ደግሞ በዲዝኒ ፕላስ 12 ክፍሎች ተሠርተው፣ በዴቭ ፊሎኒ መሪነት፣ ታሪኩ መጨረሻውን አገኘ። የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ከሲኒማው ፊልም ጋር በአንድ ሰዓት የሚካሄዱ ናቸው፤ የሰባት ዓመቱን ጥያቄ መለሱ። ከዚያ ፊልሙ ተዘጋ። ያላለቀን አልቋል ማለት ሌላ፣ ያለቀን መቀጠል ሌላ ነው። ክሎን ዋርስ የመጀመሪያው ነበር።

ሌላው መንገድ ዘመን መቁጠር ነው። ፎክስ በ2009 የዘጋው ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል በ2025 በ‹‹ሁሉ›› ሲመለስ ገጸ ባሕርያቱን ከነበሩበት አላስቀጠላቸውም፤ አሳረጃቸው። አባወራው ሃንክ ከነሚስቱ ለዓመታት ሳውዲ አረቢያ በጋዝ ሥራ ላይ ቆይቶ ወደ ቴክሳስ ይመለሳል። ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያገኛል፦ ሰፈሩ ያው ነው፣ ግን ያው አይደለም። ትንሹ ልጁ ቦቢ አድጎ የምግብ ቤት ሼፍ ሆኗል። የጎረቤቱን የዴልን ድምፅ የሚሰጠው ጆኒ ሃርድዊክ በ2023 ጥቂት ክፍሎችን ከቀዳ በኋላ አርፎ ነበርና ሌላ ተዋናይ ተረከበ። ጄትሰንስ ያለፈውን ጊዜ ለመደበቅ ሞከረ፤ ይህኛው ያለፈውን ጊዜ ራሱን ታሪክ አደረገው።

▪️ ላም አለኝ በሰማይ

እስካሁን የተነሱት ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ሲሰረዙ የድሮው ሥራ አልጠፋም ነበር። ጄትሰንስን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፋሚሊ ጋይንና ፊውቹራማን ዲቪዲ አተረፏቸው። ዛሬ ያ መሠረት እየተናደ ነው።

ኢንፊኒቲ ትሬን በ2019 በካርቱን ኔትወርክ የጀመረ፣ በኦወን ዴኒስ የተፈጠረ ሥራ ነው። ችግር ያለባቸው ሰዎች ማለቂያ በሌለው ባቡር ላይ ይሳፈራሉ፤ እጃቸው ላይ ቁጥር ይበራል፤ ከራሳቸው ጋር ሲታረቁ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲሆን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አራት ምዕራፍ፣ 40 ክፍል ሆኖ በ2021 ቆመ፤ ፈጣሪው ስምንት ለመሥራት አቅዶ ነበር። በ2022 ዋርነር እና ዲስከቨሪ ተዋሕደው ከ50 ቢሊዮን ዶላር የማያንስ ዕዳ ተሸክመው ሲነሱ ወጪ መቀነሻ ፈለጉ። በኦገስት ወር 36 ሥራዎች ከኤችቢኦ ማክስ ማሰራጫ እንዲወገዱ ተወሰነ፤ ኢንፊኒቲ ትሬን አንዱ ነበር። ይህ መሰረዝ አይደለም፤ ማጥፋት ነው። መሰረዝ ‹‹ከእንግዲህ አዲስ አንሠራም›› ማለት ነው፤ ማጥፋት ግን ‹‹የሠራነውንም አታዩትም›› ማለት ነው።

ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ተመልካች የፊልሙ ባለቤት የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያ ያሠራው ሥራ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ለ95 ዓመት የኩባንያው ንብረት ነው። በ2019 የወጣ ክፍል እስከ 2114 መጨረሻ ድረስ ከባለመብቱ ፈቃድ ውጭ ሊሰራጭ አይችልም። ባለመብቱ ሊያሳየው አይገደድም፤ ሌላው ደግሞ እንዳያሳየው ይከለከላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ጄትሰንስን ያዳነው የቅዳሜ ጠዋት ዕድል ከየት ይመጣል? ድጋሚ ስርጭት የሌለው ፊልም ናፍቆት አያፈራም፤ ናፍቆት ያላፈራ ፊልም አይመለስም።

▪️ እንግዲህ

60 ዓመት የሚሆነው ይህ ታሪክ ‹‹ይመለስ›› ወይም ‹‹አይመለስ›› የሚል አንድ መልስ አይሰጥም። ሦስት ጥያቄዎችን ግን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

አንደኛ፣ ታሪኩ ሳያልቅ ነው የተቆረጠው? እንደ ክሎን ዋርስ ከሆነ ይመለስ፤ ጨርሶም ይዘጋ። አራት ጊዜ በክብር የተሰናበተውን አምስተኛ ጊዜ መቀስቀስ ግን የበለጠ ምክንያት ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ሠሪዎቹ አሉ? ካሉስ ድርሻቸውን ያገኛሉ? ድምፅ ተዋናዩን በማስታወቂያ ለመተካት የሚነሳ ኩባንያ የሚመልሰው ፊልሙን ሳይሆን የፊልሙን ስም ነው።

ሦስተኛ፣ በመሃል ያለፈው ጊዜ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር አለ? ከሌለ፣ ለአሮጌው ስም የሚወጣው ገንዘብ ገና ስም ያላወጣ አዲስ ሥራ ሊሠራበት የሚችል ገንዘብ ነው። ፊውቹራማም፣ ፋሚሊ ጋይም አንድ ወቅት ማንም የማያውቃቸው አዲስ ነገሮች ነበሩ።

ከሦስቱም በፊት ግን የሚቀድም አንድ ግዴታ አለ፤ የተሠራውን አለማጥፋት። አድናቂዎች ፊርማ ሲያሰባስቡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አዲስ ምዕራፍ ነው። ከዚያ ይልቅ ቢጠይቁት የሚሻለው አሮጌው በሚገዛበት ወይም በሚታይበት ቦታ እንዲቆይ ነው። አዲስ ምዕራፍ ቢመጣ ደስ ይላል፤ ባይመጣም የድሮው አለ። የድሮው ከጠፋ ግን ነገ እንዲመለስ የሚጠይቅለት ሰው እንኳ አይኖርም፤ ያላየውን የሚናፍቅ የለምና።